ለተወዛዋዥ ኤጀንት የግድ ነው?

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ውዝዋዜ ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆነኝ። እስክስታ፣ ጉራጊኛ፣ የሶማሌ ጭፈራ እችላለሁ። ሸጎዬን ደግሞ ሐረር ዘመዶቼ ሰርግ ላይ ነው የለመድኩት። በሱ ማንንም አልፈራም።

ችግሩ ሥራው ነው። እዚህ ያለው ሰርግና አልፎ አልፎ የሆቴል ዝግጅት ነው። ጾምና ረመዳን ሲገባ እሱም ይጠፋል። ዓምና አዲስ አበባ ሄጄ ሁለት የባህል ምግብ ቤቶች ተፈተንኩ። አንዱ «ሰው ሞልቷል» አለኝ። ሌላው ስልኬን ተቀበለ፣ አልደወለም። ቲክቶክ ላይም ቪዲዮ እለቃለሁ። ላይክ አለ፣ ደዋይ የለም።

አንዴ በሰው በኩል ክሊፕ ሠራሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋልን። የድሬን ፀሐይ መቼም ታውቁታላችሁ። ያገናኘን ሰው 3,000 ብር ሰጠኝ። በኋላ ስሰማ ለእያንዳንዳችን የተከፈለው 6,000 ነበር። ውል የለኝ፣ በምን ልከራከር?

አሁን ሌላ ሰው መጣ። እኛ ሰፈር ደላላ የሚባለው ዓይነት ነው፣ እሱ ግን ኤጀንት ነኝ ይላል። ከማገኘው 25 በመቶ ይወስዳል። ቅድሚያ ክፍያ አልጠየቀኝም፣ ይሄን ወድጄለታለሁ። ግን ለ2 ዓመት ያለሱ ምንም ሥራ እንዳልቀበል ልፈርም ነው። ራሴ የማመጣው ሰርግ እንኳ በሱ በኩል ያልፋል።

በሙያው ያላችሁ፣ እናንተ በኔ ቦታ ብትሆኑ ትፈርማላችሁ ወይስ በራሳችሁ ማፈላለጉን ትቀጥላላችሁ?