7039 ኪሎኸርዝ ላይ ያለውን የሞርስ (በረጅምና በአጭር ድምፅ ፊደል የሚላክበት ዘዴ) ድምፅ እንዴት ልለየው?

ሰላም ወገን፣ ከጅማ ነኝ። ቴክሰን ፒኤል-660 ሬዲዮ አለኝ፤ ከጣሪያችን እስከ ጓሮው አቮካዶ ዛፍ 12 ሜትር ያህል ሽቦ ወጥሬ አንቴና አድርጌዋለሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ 7039 ኪሎኸርዝ ላይ ኤስኤስቢ (ሞርስ በቃና እንዲሰማ የሚያደርገውን የሬዲዮ ሁነታ) ስከፍት ሞርስ ይገባል። አንድ ረጅም ሁለት አጭር፣ እንደገና አንድ ረጅም ሁለት አጭር፣ ማቆሚያ የለውም። እማዬ "የሰይጣን ጣቢያ ነው፣ ዝጋው!" ትለኛለች።

እዚያ አካባቢ የሩሲያ ባሕር ኃይል ባለአንድ ፊደል ምልክቶች እንዳሉ አንብቤያለሁ፤ ዲ 7038.7 ላይ ከሴባስቶፖል፣ ሲ ደግሞ 7039 ላይ ከሞስኮ ነው የሚባለው። አንድ ረጅም ሁለት አጭር በሞርስ ዲ ስለሆነ የኔው ዲ ነው። ግን ከሥሩ ሌላ ደካማ ምልክት አለ፣ እሱን ነው መያዝ ያቃተኝ።

መብራት ሲጠፋም በባትሪ ያው ነው፣ ስለዚህ የቤት ውስጥ ጫጫታ አይደለም። ትንሿን ማስተካከያ ባዞራትም የሁለቱም ቃና አብሮ ይቀየራል እንጂ አይለያዩም። በስልክ ቀድቼ ደጋግሜ ሰማሁት፣ ጆሮዬ ደነዘዘ እንጂ ምንም አልገባኝም። ሌላ ሬዲዮ መግዛት አሁን አይታሰብም።

የቀዳሁትን ድምፅ በየትኛው ነፃ አፕ ብከፍተው ነው ሁለቱን ለይቼ የደካማውን ፊደል ማንበብ የምችለው?