ምግብ የሚያመርተው ገበሬ ለምን ይራባል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ነገር ያብሰለስለኛል። በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ድሆች አብዛኞቹ የሚኖሩት ገጠር ነው፤ ብዙዎቹም የሚተዳደሩት በእርሻ ነው። ታዲያ እህል የሚያመርተው ሰው እንዴት ቀድሞ ይራባል? «ሰነፍ ስለሆኑ ነው» የምትሉኝ ካላችሁ ይቅርብኝ፤ ከንጋት እስከ ማታ የሚለፋን ሰው ሰነፍ ማለት ነውር ነው። መፍትሔ የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ 1
አንዱ ምክንያት ጊዜው ነው። ገበሬው እህሉን የሚሸጠው ምርት እንደገባ፣ ሁሉም በሚሸጥበትና ዋጋ በሚወድቅበት ሰሞን ነው። ለምን አይጠብቅም? የዘርና የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ አራጣ አበዳሪው ደጁ ቆሟል፣ ጎተራ ቢያስገባውም ነቀዝ ይፈጀዋል። ከወራት በኋላ ያንኑ እህል በውድ መልሶ ይገዛል። ኬንያ ውስጥ በምርት ሰሞን ብድር የተሰጣቸው ገበሬዎች ሽያጩን ስላዘገዩ ገቢያቸው ጨምሯል። አየር የማያስገባ ከረጢትም አለ፤ ነቀዙን አፍኖ ስለሚገድል መድኃኒት አያስፈልገውም።

መልስ 2
እውነት ነው፣ ግን የሚያከማቸው እህል ያለው ሰው እኮ ይሻላል። መሬት የሌለውስ? እናቱን ለማሳከም ያለችውን አንዲት ላም የሸጠስ? አንድ ሕመም ወይም አንድ ድርቅ ጥሪቱን ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ለዕለት ጉርሱ የሰው ማሳ ሲያርም የራሱ በአረም ይዋጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ብድር ሌላ ሸክም ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ብራክ የተባለው ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው መንገድ ለእኔ ልክ ነው፦ ከብት በነፃ ይሰጣል፣ ቸግሮት እንዳይሸጣት ለጊዜው የቀለብ ገንዘብ ይጨመርለታል፣ ይሠለጥናል፣ ቤቱ ድረስ እየሄደ የሚያማክረው ሰውም አለ። በኋላ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ6 አገሮች ተፈትኖ ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ወጣ። በ5ቱ ጥቅሙ ከወጪው በልጧል። ሆንዱራስ ላይ ግን ከተሰጡት ዶሮዎች ብዙዎቹ በበሽታ አለቁ።

ጠያቂው
የዶሮዎቹ ነገር አሳዘነኝ። ታዲያ ምን ጎድሎ ነው?

መልስ 3
የእንስሳት ሐኪም በሌለበት ከብትም ሆነ ዶሮ መስጠት ግማሽ ሥራ ነው። መንገድም እንደዚያው፤ መኪና በማይገባበት መንደር ገበሬው አንድ ነጋዴ የጠራለትን ዋጋ ከመቀበል ሌላ ምርጫ የለውም። የመሬት መብትንም አትርሱ። ቻይና ከ1978 እ.ኤ.አ. በኋላ የጋራ እርሻውን ለየቤተሰቡ ስታከፋፍል ምርቱ የጨመረው፣ የለፋው ሰው ለመንግሥት ከሚያስረክበው ኮታ የተረፈውን ለራሱ እንዲያስቀር ስለተፈቀደለት ነው። ነገ ልነጠቀው እችላለሁ ብሎ የሚሰጋ ሰው እርከን አይሠራም፣ ዛፍም አይተክልም።