ኖቫ ሊበራል አርትስ ተምሬ ወደ ጆርጅ ሜሰን መሻገር እፈልጋለሁ፤ አጎቴ ግን ነርሲንግ ይላል

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። 22 ዓመቴ ነው፣ በዲቪ ከመጣሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አሌክሳንድሪያ ከአጎቴ ቤተሰብ ጋር እኖራለሁ፣ ማታ ማታ ግሮሰሪ ውስጥ ካሸር ነኝ። አገር ቤት ወሎ ዩኒቨርሲቲ የፍሬሽማን ዓመቱን ጨርሼ ነው የመጣሁት።

ሐሳቤ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም ኖቫ፣ ሊበራል አርትስ (ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ሳይኮሎጂና የመሳሰሉት ጠቅላላ ትምህርቶች) ሁለት ዓመት ተምሬ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሶሻል ወርክ (የማኅበራዊ ሥራ ሙያ) መቀጠል ነው። ሕንፃችን ውስጥ ያሉ አንዲት እናት ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አስተረጉምላቸዋለሁ። አንድ ቀን የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር አርባ ደቂቃ ሙሉ አብራን ቁጭ ብላ ቤት ለቤት የሚረዳቸው ሰው የሚያገኙበትን ፎርም ሞላች። ሊፍት ውስጥ እማማ እጄን ይዘው አለቀሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሥራ አይታየኝም።

አጎቴ ደግ ሰው ነው፣ ግን «ሊበራል አርትስ ተምረሽ ምን ልትሆኚ? ነርሲንግ ግቢና ራስሽን ቻይ» ይለኛል። እውነት ጊዜዬን ላባክን ነው? ክሬዲቱስ ሜሰን ላይ ይያዝልኛል? የወሎው አንድ ዓመትስ? ፋፍሳ፣ ማለትም የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ፣ ስሞላ ደግሞ የወላጅ ገቢ ጠየቀኝ፤ ወላጆቼ ደሴ ስለሆኑ የአጎቴን ላስገባ ብዬ አቆምኩት። የምታውቁ እርዱኝ።

መልስ፦ ከአናንዴል

እህቴ፣ እኔም በዚሁ መንገድ ነው የሄድኩት፣ ከሜሰን ከተመረቅኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አደራ የምልሽ ከመድረሻሽ ተነሥተሽ ወደ ኋላ እንድትቆጥሪ ነው። ብዙ ሰው ኖቫ የሰጠውን ዝርዝር ብቻ ይዞ ይመዘገባል። አንቺ መጀመሪያ የሜሰንን የሶሻል ወርክ ዲግሪ ዕቅድ አውጪ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት ኮርሶች ወረቀት ላይ ጻፊ። ከዚያ «ትራንስፈር ቨርጂኒያ» የሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ ላይ የትኛው የኖቫ ኮርስ በሜሰን የትኛው ተብሎ እንደሚያዝ አንድ በአንድ ታያለሽ።

ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን ነገር አለ። «ክሬዲቱ ይተላለፋል» ማለትና «ለዲግሪዬ ይቆጠራል» ማለት አንድ አይደለም። የሜሰን ባችለር 120 ክሬዲት ነው፣ ከኖቫ 60 አካባቢ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ስድሳውም ሊተላለፍ ይችላል፤ ግን ግማሹ እንዲያው በኢሌክቲቭነት (በምርጫ ኮርስነት) ከተመዘገበ ዋናዎቹን እዚያ በሜሰን ዋጋ ትወስጃቸዋለሽ። አድቫይዘር ፊት ስትቀመጪ «ለሶሻል ወርክ ዲግሪ ይቆጠራል ወይ?» በያት፣ መልሱንም በኢሜይል አስጽፊ።

ኖቫና ሜሰን ከ2018 ጀምሮ በጋራ የሚያካሂዱት «አድቫንስ» የሚባል ፕሮግራም አለ። ከኖቫ ጀምሮ የሜሰንን ዕቅድ ይዘሽ ነው የምትማሪው፣ የሚከታተልሽ ኮችም ይመደብልሻል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ጠይቂ፣ ክሬዲት ካጠራቀምሽ በኋላ ይረፍዳል። ሶሻል ወርክ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን በዚያው አረጋግጪ። ሐሳብሽን ብትቀይሪ እንኳ ስቴቱ «ፓስፖርት» የሚለው 15 ክሬዲትና «ዩኒፎርም ሰርተፊኬት» የሚለው 30 ክሬዲት አሉ፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ ኮርሶቹን ለጋራ ትምህርታቸው እንዲቆጥሩልሽ የተዘጋጁ ናቸው። መጀመሪያ እነሱን ጨርሺ። ከሲ በታች ያመጣሽበት ኮርስ ግን በአብዛኛው አይተላለፍም።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት

እኔ የደረሰብኝ እንዳይደርስብሽ ነው የምጽፈው። ዲግሪው «አሶሼት» (የሁለት ዓመት ዲግሪ) ስለሚል ብቻ ሁሉም አንድ መስሎኝ ሦስት ዓመት ልጆቼን አስተኝቼ ማታ ማታ ተማርኩ። ልሻገር ስል ከ64 ክሬዲቴ 27ቱ ብቻ ተያዘልኝ። የያዝኩት አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ ነበር። እሱ በቀጥታ ሥራ ለመግባት የተዘጋጀ ነው። ለመሻገር የሚሆኑት አሶሼት ኦፍ አርትስና አሶሼት ኦፍ ሳይንስ ናቸው። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስትመዘገቢ ፕሮግራምሽ ላይ «አፕላይድ» የሚል ቃል ካየሽ ቆም በይ።

መልስ፦ የድሮ ታክሲ ነጂ

ልጄ፣ እኔ የአጎትሽ እኩያ ሳልሆን አልቀርም። እኛ ስንመጣ የሚታየን የቤት ኪራይና አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ነበር። አጎትሽ ነርሲንግ የሚልሽ እንዳትቸገሪበት ፈርቶ ነው፣ አትቀየሚው። ወረቀት ይዘሽ አስረጂው። ኢንግሊሽ 111 (የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኮርስ) እና ሳይኮሎጂ ለነርሲንግም ይፈለጋሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሴሚስተር በሁለቱም በኩል አይጎዳሽም። ያን ጊዜ ውስጥ እሱም ይረጋጋል፣ አንቺም ልብሽን ታውቂዋለሽ።

ግን እውነቱንም አትደብቂው። ቨርጂኒያ ውስጥ በክሊኒካል ሶሻል ወርከርነት ፈቃድ ለማግኘት ማስተርስ ያስፈልጋል፣ ከዚያም በተቆጣጣሪ ሥር መሥራት አለ። መንገዱ ረጅም መሆኑን አሁኑኑ ብትነግሪው ኋላ «አታለልሽኝ» አይልሽም። የራሴ ልጅ ያለፈችበት ስለሆነ ነው።

መልስ፦ ፋፍሳ ላይ ብዙ የለፋሁ

የአጎትሽን ገቢ እንዳታስገቢ! ቢመግብሽም ቢያኖርሽም ለፋፍሳ ወላጅ አይደለም። ከ24 ዓመት በታች ከሆንሽ፣ ካላገባሽና የምታሳድጊው ልጅ ከሌለሽ፣ በጥቅሉ የሚጠየቀው የአባትሽና የእናትሽ መረጃ ነው፣ ደሴም ይሁኑ የትም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖራቸውም በኢሜይል የፋፍሳ አካውንት መክፈት ይችላሉ። ገቢያቸውን በብር አይደለም የምትጽፊው፣ ፎርሙን በሞላሽበት ቀን ምንዛሪ ወደ ዶላር ለውጠሽ ነው። ግሪን ካርድ ስላለሽ ማመልከት ትችያለሽ።

ፔል ግራንት፣ መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠው እርዳታ፣ ለ2025–26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው፣ መልሰሽ አትከፍይውም። ሙሉ ጊዜ የሚባለው 12 ክሬዲት ነው፤ ከዚያ ካነስሽ በዚያው መጠን ይቀነሳል። ፔል በዕድሜሽ ሙሉ የሚሰጥሽ ለ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ ነውና ኖቫ ላይ በማይሆን ኮርስ አትጨርሺው። ለፕሮግራምሽ የማይቆጠር ኮርስ ከወሰድሽም አይከፈልልሽም። በመሐል ማቋረጥም መዝገብሽ ላይ ይቆያል፣ ከበዛ እርዳታውን ያስቆማል።

ዝቅ ያለውን የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ቨርጂኒያ 12 ወር መኖር ይጠይቃል። በጊዜው በኩል አንቺ አልፈሻል፤ ሌላ የሚጠየቅ ካለ ኖቫን ጠይቂ፣ መንጃ ፈቃድሽንና የታክስ ወረቀትሽን ያዢ።

መልስ፦ ትራንስክሪፕት ያስገመገመ

ፍሬሽማን ላይ የወሰድሻቸው ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ራሳቸው ሊበራል አርትስ እኮ ናቸው። አስገምግሚያቸው። ከመክፈልሽ በፊት የትኛውን ገምጋሚ ድርጅት እንደሚቀበሉ ኖቫንም ሜሰንንም ጠይቂ። «ኮርስ በኮርስ» የሚባለውን እዘዢ፤ ርካሹ ዲግሪሽን ወይም የትምህርት ደረጃሽን ብቻ ነው የሚናገረው፣ ክሬዲት አይዘረዝርም። የኮርሶቹን አውትላይን ጓደኛሽ ፎቶ አንሥታ ትላክልሽ።

መልስ፦ ከወረቀቱ ጋር የታገለች

ስለ ክሬዲት ሁሉም ተናግሯል፣ እኔ ስለ ትምህርቱ ልናገር። ኢንግሊሽ 111 ላይ የመጀመሪያ ወረቀቴን ሦስት ሌሊት ነው የጻፍኩት። መግቢያው ብቻ አንድ ገጽ ነበር፣ አገር ቤት እንደለመድነው ከሩቅ ዞሬ፣ የትልልቅ ሰዎችን ቃል ደርድሬ። መምህርቷ ከዳር በእርሳስ «የአንቺ ሐሳብ የቱ ነው?» ብላ መለሰችልኝ። ሐሳቤ አራተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነበር። አንሥቼ መጀመሪያ አንቀጽ ውስጥ አስገባሁት፣ ከዚያ ያልደገፈውን ሁሉ ሰረዝኩ፣ ስድስት ገጽ የነበረው ሦስት ሆነ። ከመጽሐፍ የወሰድሽውን ሳትጠቅሺ መገልበጥ እዚህ ከኮሌጅ ሊያስወጣ የሚችል ጥፋት ነው፣ ተጠንቀቂ። በጽሑፍ የሚያግዝሽ ራይቲንግ ሴንተር ነፃ ነው፣ ረቂቅሽን ይዘሽ ሂጂ። ለሶሻል ወርከር ደግሞ የሰው ችግር በአጭሩና በግልጽ መጻፍ ዋናው መሣሪያዋ ነው። ባክኖ የቀረ ጊዜ አይደለም።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ትናንት እራት ላይ ለአጎቴ የሜሰንን ዕቅድ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ እስከ ታች አነበበና «ስታቲስቲክስም አለበት እንዴ?» አለኝ። እሺ አላለኝም፣ ግን ማክሰኞ አድቫይዘሯ ጋ ራሱ ሊያደርሰኝ ነው። የአባቴን አካውንት ደግሞ ወንድሜ ደሴ ሆኖ በስልክ እየከፈተልን ነው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ማታ እየሠራሁ አራት ኮርስ ይከብደኛል?

መልስ፦ ከአናንዴል

የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ሦስት ውሰጂ፦ ኢንግሊሽ 111፣ ሳይኮሎጂ፣ ሒሳብ። ፔሉ ይቀንሳል፣ ግን አንድ ኤፍ ከዚያ በላይ ያስከፍልሻል። ማክሰኞ ስትሄጂ የወሎውን ትራንስክሪፕት ኮፒ መያዝሽን አትርሺ።