ከኮምቦልቻ የተገዛ ያገለገለ ባጃጅ ደሴ ላይ አቅም አነሰው፤ መጀመሪያ ምን ይታይ?

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ሆጤ

ጤና ይስጥልኝ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን በቅርቡ አንድ ያገለገለ ባለ አራት ስትሮክ ባጃጅ ከኮምቦልቻ ገዝተናል። የሚነዳው መንጃ ፈቃድ ያለው ወንድሜ ሲሆን የጥገናውን ገንዘብና መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ሻጩ ባጃጁን በኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ብቻ ይሠራበት እንደነበር ነግሮናል፤ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረና የትኛው ዕቃ እንደተለወጠ የሚያሳይ ግን አንድም ጽሑፍ አልነበረውም።

ደሴ ከገባ ወዲህ ሦስት ተሳፋሪ ይዞ ዳገት ሲጀምር አቅም ያንሰዋል፤ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ፍጥነቱ የጩኸቱን ያህል አይጨምርም። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ቤንዚንም ከጎረቤቶቻችን ባጃጆች የበለጠ ይበላል። ጠዋት ብርዱ ሲበረታ በቀላሉ አይነሳም። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደ ቀኝ ይጎትታል፤ ወንድሜ እንደሚለው ቆሞ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ ሲቆይ ፔዳሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰምጣል። ያሳየነው አንድ ባለሙያ ምንም ሳይፈታ፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ «ሞተሩ ይውረድ፣ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ይቀየር» ብሎናል። ይህ ለእኛ ከባድ ወጪ ነው። በእርግጥ ሞተር የሚያስፈታ ችግር ነው? ባለን ገንዘብ መጀመሪያ ምን እናስደርግ? ወላጆቻችን ኮምቦልቻ ስለሚኖሩ በሐረጎ በኩል ቁልቁል ይዞት መውረድ ይችል እንደሆነም እንድትነግሩኝ እጠይቃለሁ።

መልስ፦ መካኒክ፣ ደሴ ሸዋ በር

እህቴ፣ ከጻፉት ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ፍሬኑ ነው። አቅሙ ጥቂት ቀን ቢጠብቅ የሚጎዳው ገቢያችሁን ብቻ ነው፤ ፍሬኑ ግን የወንድምዎንም የተሳፋሪውንም ሕይወት የሚነካ ስለሆነ፣ እስኪሠራ ድረስ ባጃጁ ሰው ባይጭን እመክራለሁ።

የባጃጅ ፍሬን ሦስቱንም እግሮች በአንድ ፔዳል የሚይዝ በዘይት ግፊት የሚሠራ የታምቡር ፍሬን ነው። ፔዳሉ ተረግጦ ሲቆይ የሚሰምጠው ከሁለት በአንዱ ምክንያት ነው፤ ወይ ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ዋና ሲሊንደር) ውስጥ ያለው ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) አልቆ ዘይቱን ወደ ኋላ እያሳለፈ ነው፣ ወይም ዘይቱ በመስመሩ ላይ አለዚያም ከእግሮቹ በአንዱ በኩል ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው። ወደ ቀኝ መጎተቱን ስጨምርበት እኔ የምጠረጥረው የግራውን የኋላ እግር ነው። በእሱ ውስጥ ያለው ትንሹ የፍሬን ሲሊንደር ካፈሰሰ ሸራውን (ታምቡሩን እየተጫነ እግሩን የሚያቆመውን ክፍል) ያርሰዋል፤ የረጠበ ሸራ ስለማይዝ ቀኙ ብቻውን ይይዝና ባጃጁን ወደ ራሱ ይጎትታል። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ ችግሮች ምንጫቸው አንድ ነው ማለት ነው፤ ወጪውም ካሰባችሁት ያነሰ ይሆናል። የግራው እግር ታምቡር ይከፈትና ይታይ። እርጥበት ከተገኘ የሲሊንደሩ ጎሚኒ ይለወጥ። ሸራውን በቤንዚን አጥቦ መመለስ በብዙ ቦታ የሚደረግ ቢሆንም ዘይት የጠጣ ሸራ ሲሞቅ መልሶ ስለሚያወጣው፣ የግራውም የቀኙም ሸራ አንድ ላይ ይቀየር። አንዱን ወገን ብቻ መቀየር መጎተቱን አያስቀረውም።

አደራ የምለው ግን የፍሬን ዘይቱን ነው። ከአሮጌ ባጃጆች ማጠራቀሚያ ውስጥ ምን ተጨምሮ እንደቆየ ባለቤቱ ራሱ የማያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ የገባበት እንደሆነ የፍሬኑ ጎሚኒዎች በሙሉ ያብጣሉ። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዶት 3 የሚባለውን፣ ካልተከፈተ ዕቃ ገዝታችሁ አሮጌው በሙሉ ወጥቶ በአዲስ ይተካ፤ ከዚያም ከሦስቱም እግሮች አየሩ ይውጣ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚስብ ነው። አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም፤ ውኃ ከጠጣ ግን እስከ 140 ድረስ ሊወርድ ይችላል፤ እንደ ሐረጎ ያለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ ሲግል ልዩነቱ የሚታየው ያኔ ነው።

እግሮቹ ተነሥተው ሳለ ኩሽኔቶቹም ይፈተሹ። የፊተኛውን እግር ከመሬት አንሥቶ ላይና ታቹን ይዞ መነቅነቅ፣ ከዚያም መሪውን ግራና ቀኝ ማዞር ነው፤ መሪው መሐል ላይ ሲደርስ የሚያዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔት ተበልቷል።

መልስ፦ የአውቶ መካኒክ መምህር፣ ኮምቦልቻ

ስለ ፍሬኑ የተሰጠው መልስ ትክክል ስለሆነ ወደ አቅሙ ልለፍ። ብዙ ሰው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የወጣ ሞተር ሲደክም «ደጋው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ደጋው ድርሻ አለው፤ ድርሻው ግን ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ስትሆን ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ደሴ ላይ ሩብ ያህል፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ አንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ከአሥር በመቶ ስለማይበልጥ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደኅና የነበረ ሞተር ደሴ ሲደርስ ትንሽ ይከብደዋል እንጂ ዳገት አያቅተውም። ስለዚህ ሜዳው ሸፍኖት የቆየ ሌላ ጉድለት አለ ማለት ነው።

ጥቁር ጭስ ማለት ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ በዚህ ላይ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከታፈነ ጭሱ ይብሳል፣ ካንዴላውም (በብልጭታ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) ይጠቁራል፣ ጠዋት መነሣትም ይቸግራል። ካንዴላው ተፈቶ ይታይ። ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ነገሩ የአየርና የቤንዚን ጉዳይ ነው፤ በዘይት ከራሰ ግን ያ ባለሙያ ስለ ፋሻ የተናገረው ሊታሰብበት ይገባል። ቡናማ ሆኖ ከተገኘ ጤነኛ ነው።

ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ የማይጨምረው ከዚህ የተለየ ምልክት ስለሆነ ለብቻው ይታይ። ይህ የፍሪሲዮን (የሞተሩን ኃይል ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈውና የሚያቋርጠው ክፍል) መንሸራተት ነው። የባጃጅ ፍሪሲዮን በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ ነው፤ ለመኪና የተዘጋጁ አንዳንድ ቀጫጭን ዘይቶች መንሸራተትን የሚያግዝ ቅመም ስላላቸው ፍሪሲዮኑ እንዳይጨብጥ ያደርጉታል። የሚገዛው ዘይት የባለ አራት ስትሮክ ሞተር ብስክሌት፣ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤም ኤ የሚል ምልክት ያለበት ይሁን፤ ለእኛ አገር አየር 20 ደብሊው 50 የሚባለው ውፍረት የተለመደ ነው። ከዘይቱ በፊት ግን የፍሪሲዮኑ ገመድ ይታይ። እጀታው ሲያዝ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ላላ ማለት አለበት፤ ምንም ላላ የማይል ከሆነ ገመዱ ፍሪሲዮኑን ሁልጊዜ ከፊል እንደተያዘ ያቆየዋል። ይህን ማስተካከል ምንም ዕቃ አያስገዛም።

የቫልቭ ክፍተትም ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ በአምራቹ መመሪያ ልክ ይስተካከል፤ የጠበበ ቫልቭ መጭመቂያ ኃይል ያሳጣል፣ አነሣሡንም ያከብዳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አቅሙ ካልተመለሰ ያን ጊዜ ኮምፕሬሽን (የመጭመቂያው ኃይል) በመለኪያ ይለካና ሞተር ስለመፍታት ይወሰን። ሳይለካ ሞተር ይውረድ ማለት ለባለንብረቱ አለማሰብ ነው።

መልስ፦ የባጃጅ አሽከርካሪ፣ ሐይቅ

በሃይላንድ እየተሞላ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ቤንዚን ወንድምዎ ባይጠቀም ይሻላል፤ ውኃም ነጭ ጋዝም የተቀላቀለበት ይገጥማል። ታንከሩ ተራግፎ ይታጠብ፤ ያገለገለ ዕቃ ሲሆን ከሥሩ ዝገት አይጠፋም። የታንከሩ ክዳን አየር ማስገቢያ ከተደፈነ ደግሞ ሞተሩ ጥቂት ሄዶ ይጠፋና ክዳኑ ሲከፈት መልሶ ይነሣል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ካርቡራተር የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ስለ ሐረጎ የጠየቁትን በተመለከተ፣ ፍሬኑ በሚገባ ከተሠራ በኋላ መውረዱ ይቻላል። ወንድምዎ ቁልቁለቱን ገና ሳይጀምር ማርሹን ዝቅ ያድርግ፤ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝለት ማለቴ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ በኑትሮ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም። መታጠፊያ ሲመጣ ፍጥነቱን ከመታጠፉ በፊት ይጨርስ፤ ፊቱ አንድ እግር ብቻ የሆነ ተሽከርካሪ እየታጠፈ በኃይል ፍሬን ሲያዝ ወደ ውጭ ይወድቃል። ተሳፋሪም ከሦስት አይብለጥ፤ ጣሪያ ላይ ጆንያ መጫንማ አይታሰብ።

መልስ፦ ከወልድያ

እኔ ደግሞ አጭሩ መንገድ የካርቡራተሩን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በትንሽ ቁጥር መለወጥ ነው እላለሁ። ደጋ ላይ ለሚሠራ ሞተር ቤንዚኑን መቀነስ ጭሱንም ወጪውንም ባንድ ጊዜ ያቃልላል።

መልስ፦ የአውቶ መካኒክ መምህር፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ሐሳቡ ከመሠረቱ ስሕተት የለበትም፤ ዘወትር ደሴና ከዚያ በላይ ለሚውል ሞተር ይረዳል። እነዚህ ሰዎች ግን ኮምቦልቻ ይመላለሳሉ፤ ምናልባትም አንድ ቀን ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ ይወርዱ ይሆናል። ጄቱ ያነሰ ሞተር ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ስለሚያጥረው ከመጠን በላይ ይግላል፤ ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር በመሆኑ ጉዳቱ ፈጣን ነው። መጀመሪያ ማጣሪያው ይጽዳ፣ የቅልቅል ብሎኑና ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይሰጠው ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይስተካከሉ፤ ጄቱ በቦታው ይቆይ። ይህን ካነሣሁ ዘንድ፣ የሲሊንደሩ ክንፎች በጭቃና በዘይት ተሸፍነው እንደሆነ ይታጠቡ፤ ማራገቢያውም ይታይ። ዳገት ላይ ተጭኖ በቀስታ ለሚወጣ ባጃጅ ከማራገቢያው ሌላ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ የለም።

ጠያቂዋ፦ ከደሴ፣ ሆጤ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባላችሁት ቅደም ተከተል አስደረግን። የግራው የኋላ ታምቡር ሲከፈት ውስጡ ረጥቦ ተገኘ፤ ጎሚኒው፣ የሁለቱም ወገን ሸራና የፍሬን ዘይቱ ተለውጠው መጎተቱም መስመጡም ቀርቷል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ነበር፤ ካንዴላውም ደረቅ ጥላሸት ለብሶ ነበር። ገመዱ ላላ ሲደረግለትና ዘይቱ ሲቀየር ዳገቱን ሦስት ሰው ይዞ ይወጣል፤ ጥቁሩም ጭስ ጠፍቷል። አሁን የቀረን አንድ ጥያቄ ነው፤ ጠዋት መጀመሪያ ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ለትንሽ ጊዜ ያወጣና ይተወዋል። ለዚህስ ሞተር ይፈታል?

መልስ፦ መካኒክ፣ ደሴ ሸዋ በር

አብሽሪ እህቴ፣ ለዚህ ፒስተን አይለወጥም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያሳያል፤ የሚመጣበት ሰዓት ግን ቦታውን ይናገራል። ካደረ በኋላ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ፣ ሌሊቱን በቫልቮቹ ዘንግ በኩል የሚንጠባጠብ ዘይት ነው፤ የቫልቭ ጎሚኒዎች ደርቀዋል። እነሱን ለመለወጥ የላይኛው ክፍል መከፈቱ ባይቀርም ፒስተንና ፋሻ አያስነካም፤ ዋጋውም እጅግ የተለየ ነው፤ አስቸኳይም አይደለም። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጨነቅ ሳያቋርጥ የሚያጨስ ቢሆን ኖሮ ፋሻውን እጠረጥር ነበር። መዝገብ የሚይዙት እርስዎ ስለሆኑ የዘይቱን መጠን በየሳምንቱ እንዲጽፉ እመክራለሁ። የሚለካው ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ነው፤ ደሴ ላይ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ቢያስቸግርም በተዳፋት ላይ የተለካ መጠን ስለሚያሳስት ሁልጊዜ አንድ ደልዳላ ቦታ መርጣችሁ እዚያው ለኩ። የዘይቱ መጠን በቶሎ የማይቀንስ ከሆነ የቫልቭ ጎሚኒው እስከሚቀጥለው የቫልቭ ማስተካከያ ይቆይ፤ ያን ጊዜ ክዳኑ ስለሚከፈት የእጅ ዋጋውን በከፊል ታተርፋላችሁ።

መልስ፦ ከወልድያ

ስም ካላዛወራችሁም ይህን አታዘግዩት። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ባጃጁ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር፤ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱና የዓመቱ ቦሎ እስከ መቼ እንደሚሠሩም ይታይ። ሞተሩ ቀድሞ ተቀይሮ ከሆነ ቁጥሩ አይገጥምም፤ ይህን ሻጩ በአካል ባለበት ማስተካከል ይቀላል።