ቁስቋም፦ ዳገቱ የመኳንንት ሰፈር የሆነው እንዴት ነው?

አንገረብ ማዶ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ የጎንደር ልጆች። ለእንግዶች የሚሆን አጭር የጉብኝት ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ስለ ፋሲል ግቢ የተጻፈ ሞልቷል፤ ስለ ቁስቋም ግን የማገኘው «እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት» የምትል አንዲት መስመር ናት። እኔ የምፈልገው የሰፈሩን ነገር ነው። መሀል ከተማ ቤተ መንግሥት እያለ ዳገት ላይ ሌላ ለምን ተሠራ? እነማን ነበሩ እዚያ የሚውሉት? ሀብቱስ መቼ ጠፋ? ከሚታየው ግንብ የትኛው የጥንቱ፣ የትኛው የጥገና እንደሆነ መለያ ካለም ንገሩኝ።

ቀሃ ዳር

ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ እንዳይምታታብህ።

ጎንደር ላይ ሰፈርን የሚያስከብረው ከፍታው አልነበረም፤ ደጁ የማን ደጅ ነው የሚለው ነበር። አቡን ቤት ጳጳሱን፣ እጨጌ ቤት የመነኮሳቱን አለቃ እጨጌውን ተጠግተው የኖሩ ሰፈሮች ናቸው። እጨጌ ቤት መማጸኛ ስለነበር የተጣላም፣ የፈራም፣ ንብረቱን ከዘራፊ የሚያሸሽም እዚያ ይገባል። አዲስ ዓለም ደግሞ በ1668፣ በቀዳማዊ ዮሐንስ ጊዜ፣ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ከተወሰነ በኋላ የነጋዴ መንደር ሆነ። ገንዘብ እዚያ ነበር፤ ሹመት ግን አልነበረም።

ቁስቋምም በዚሁ መንገድ ነው የተነሣው። ዐፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበሩ። እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ ደፍተው አብረው ነገሡ። በ1732 ዐመፀኞች ከተማ ገብተው የነገሥታቱን ግቢ ከበቡ። በዚያው አሥር ዓመት የተሠራው የቁስቋም ግቢ በግንብ አጥርና በማማ መታጠሩ እኔን አይገርመኝም። ልብ በል፣ እቴጌይቱ ፋሲል ግቢ ውስጥም የራሳቸው ግንብ አላቸው። ስለዚህ ዳገት የወጡት ማደሪያ አጥተው አይደለም። ከላይ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ እልፍኝና የግብር አዳራሽ በአንድ ላይ የያዘ፣ ራሱን የቻለ ግቢ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ይባላል፤ ስሙ እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደት ካረፈችበት ከግብጹ ደብረ ቁስቋም የመጣ ነው።

ደጁን የሞሉት በአብዛኛው የእቴጌይቱ የቋራ ዘመዶች ነበሩ። ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል እስከ 1767፣ እስኪሞቱ ድረስ፣ የመንግሥቱ ዋልታ ነበሩ። የእቴጌይቱ ልጅ ወይዘሮ አስቴር የትግራዩ ገዥ የራስ ሚካኤል ስሑል ሚስት ሆነች። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም መጀመሪያ የተጠራው ወደዚህ ነው፤ ግቢው ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። በርና መስኮቱን ሁሉ አስከፍቶ፣ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጥኖ፣ በሙቅ ውሃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ጽሑፍህ ውስጥ ይህቺን አትተው፤ ክፍሎቹ ብዙ እንደነበሩና ምን ያህል ይዘጉ እንደነበር ታሳያለች።

ሀብቱ የጠፋው ግንቡ ሳይፈርስ ነው። በ1769 የእቴጌይቱ የልጅ ልጅ ዐፄ ኢዮአስ ተገደሉ፤ ሥልጣኑ ከቋሮች እጅ ወጥቶ ራስ ሚካኤል ጋ ገባ። እቴጌይቱ ቁስቋም ገለል ብለው በ1773 ዐረፉ። ከዚያ በኋላ የሚሾም የሚሸልም በሌለበት ዳገት መኳንንት ምን ሊሠራ ይወጣል? የቀረው ቤተ ክርስቲያኑና አገልጋዮቹ ናቸው። በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አስዘረፉ፤ በ1888 ደርቡሽ ገብቶ ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠለ። ዛሬ የምትገባበት ክብ ሕንፃ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው፤ አዳራሹ ግን ጣራ አልባ ሆኖ የቆመው የጥንቱ ነው።

ፒያሳ 03

ቀሃ ዳር ጨርሶታል፤ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ አስጎብኚ የመኳንንቱን ዳገት ከጣልያን ሰፈር ጋር ይደባልቃል። ጣልያን ጎንደር የቆየው ከ1936 እስከ ኅዳር 1941 ብቻ ነው። ከፋሲል ግቢ በስተሰሜን ያለውን ፒያሳን፣ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማውንና ቪላዎቹን የሠራው ያኔ ነው። ፕላኑ ነጭ ከአገሬው ሰው ጋር እንዳይደባለቅ ለይቶ የሚያሰፍር ነበር። ከእቴጌይቱ ቁስቋም ጋር የሚያገናኘው የለም፤ በመካከላቸው ሁለት መቶ ዓመት ግድም አለ።

ደግሞ እባክህ «ፖርቱጋሎች ሠሩት» የምትለዋን አታስገባት። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ያባረሩት በ1630ዎቹ ነው፤ ቁስቋም ሲሠራ መቶ ዓመት አልፎ ነበር።

አንገረብ ማዶ

እግዜር ይስጥልኝ። የጥገናውን ነገርስ? በፎቶ ላይ ግንቡ ሁሉ አንድ ይመስለኛል።

ግንበኛው

በዐይን ይለያል፤ በምስማር መፋቅ ግን ክልክል ነው፣ ቅርስ ነው። ቁስቋም እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ከፋሲል ግቢ ጋር አብሮ ተመዝግቧል።

ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ቀርበህ ድንጋይ ከድንጋይ የሚገናኝበትን መስመር እይ። የጥንቱ ኖራ ነው፤ ነጣ ያለ፣ ውስጡ ጥሬ የኖራ ፍንጣቂ ነጭ ነጭ ሆኖ የሚታይበት። ግራጫ፣ ልሙጥና ደረቅ ከሆነ ሲሚንቶ ነው፤ በኋላ ዘመን የገባ። ሌላው ምልክት ደግሞ፣ ድንጋዩ ተበልቶ ወደ ውስጥ ሲገባ ስቲላቱራው (በድንጋዮቹ መጋጠሚያ የተሞላው ሲሚንቶ) ብቻውን ተርፎ እንደ ጠርዝ ወጣ ብሎ ታየዋለህ።

ምክንያቱ ውሃ ነው። ጣራ የሌለው ግንብ ክረምቱን ከአናቱ ይጠጣል። ኖራ ስለሚተነፍስ እርጥበቱ በመጋጠሚያው በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ሲሆን መውጫው ይዘጋና በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ጨው እየያዘ ፊቱን ይልጠዋል። ጥቁር ድንጋዩ ይችለዋል። ቀድሞ የሚያልቀው ለጌጥ የገባው ቀላ ያለ ለስላሳ ድንጋይ ነው። ቁስቋም ላይ መስቀሎቹ የተቀረጹት በዚሁ ስለሆነ ጉዳቱ የሚከፋው እዚያ ነው።

ጥገናው በትክክል ሲሠራ፦ የተቃጠለው ኖራ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ አይፈስበትም፤ ይፈላል፣ ዐይን ያጠፋል። ከላዩ ውሃ ሳይለየው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቀመጣል፣ በቆየ ቁጥር ይሻላል። ሲቦካ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ ታጥቦ ጭቃው የወጣ ሸካራ አሸዋ ነው። አሮጌው ሲሚንቶ በመሮና በመዶሻ ይነሣል፤ ግራይንደር የድንጋዩን ጠርዝ ስለሚበላ አይገባም። ጥልቀቱ የመጋጠሚያውን ስፋት እጥፍ ያህል ይሁን። ድንጋዩ ይራሳል፣ ይሞላል፣ ከዚያ ለአንድ ሳምንት እርጥብ ጆንያ ይንጠለጠልበታል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ በበጋ ፀሐይ ያለ ጆንያ ከተተወ ኖራው ሳይጠነክር ይደርቅና በጣት ሲነካ ዱቄት ይሆናል። በክረምት ከተሠራ ደግሞ ይታጠባል። ጥቅምት ጥሩ ነው።

ግንብ ላይ የበቀለ ዛፍም አይነቀልም። ሥሩ ድንጋዮቹን አቅፎ ስለያዘ ተከትለው ይወርዳሉ። ከሥር ተቆርጦ፣ ጉቶው እንዳያቆጠቁጥ ተደርጎ፣ ከሞተ በኋላ ክፍተቱ በኖራ ይሞላል።

ቀሃ ዳር

ለእንግዶችህ መንገዱን እንዲህ ብለህ ጻፍላቸው። ከፒያሳ በባጃጅ እስከ ፋሲል መዋኛ፣ ከዚያ ዳገቱን ወደ ሰሜን ምዕራብ። በእግር የሚወጣ ሰው ፋሲል መዋኛን አይቶ ቢቀጥል መንገዱ ይገጣጠምለታል። ቅዳሴ እስኪያልቅ ቤተ ክርስቲያኑን ትተው ፍርስራሹን ይዙሩ፤ ሲገቡ ጫማ ይወልቃል። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ዐፅም በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል፤ የሚያሳየው ቁልፍ ያዡ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ። ንግሡ ኅዳር 6 ነው፣ ጽጌ በተፈታ ማግስት። በዓሉን ማየት ለፈለገ መልካም፤ ግንበኛው ያላችሁን ስቲላቱራ ለማየት ግን በዚያ ቀን ግድግዳው አጠገብ መድረሻ የለም።