ሁለተኛ ሽጉጥ ልያዝ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ወገኖች። አዳማ ውስጥ እህል እነግዳለሁ። ማታ የቀኑን ሽያጭ ይዤ በባጃጅ ነው የምገባው። ፈቃድ ያለው ማካሮቭ ሽጉጥ አለኝ፤ 8 ጥይት ይጎርሳል። እሁድ ልወለውለው ስፈታው የጥይት ካዝናው ሞላ (ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ስፕሪንግ) ደክሟል። ጥይቱን በጣቴ ስጫነው እዚያው ቁጭ! ወደ ላይ አይገፋውም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ጓደኛዬ «ትንሽዬ መጠባበቂያ እግርህ ላይ እሰር» ይለኛል። ከየት እንደሚያመጣልኝ ግን አይናገርም፤ ያለ ፈቃድ መያዝ ደግሞ በአዋጅ 1177/2012 ያስጠይቃል። ባለቤቴ «አንዱንስ ከልጆቹ መቼ ደብቄ ጨረስኩ?» ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው። ገንዘቡን በቴሌብር እንዳልቀበል የገጠር ደንበኞቼ ጥሬ ብር ነው የሚያመጡት።

ሞላውን ማስቀየር ይበቃኛል? እንደኔ ብር ይዛችሁ የምታመሹስ ምን ታደርጋላችሁ?