አስቸኳይ፦ የጥናታችን ገንዘብ ዛሬ ተቋረጠ፤ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አለኝ፣ ልሂድ ልቅር?

ጤና ተማሪ፦
የግራንት (የጥናት ድጋፍ ገንዘብ) ነገር የሚያውቅ ሰው እባካችሁ። አሜሪካ ነው ያለሁት፤ ጥናታችን ቤተሰቦች መሣሪያቸውን ቤት ውስጥ ቆልፈው ስለማስቀመጣቸው ነው። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ኢሜይል መጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ሥራ አቁሙ፣ ወጪ አታውጡ» ይላል። ምክንያቱ አንድ መስመር ናት፤ ጥናቱ ከመሥሪያ ቤቱ የአሁን ትኩረት ጋር አይሄድም ትላለች። ፕሮፌሰሬ አውሮፕላን ላይ ናት። የግራንት ቢሮው 11 ሰዓት ላይ ዘግቷል። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት አንዲት እናት ቤት ለስድስት ወር ክትትል መሄድ አለብኝ። ለተሳትፎዋ የሚሰጣትን የ25 ዶላር የስጦታ ካርድም መስጠት አለብኝ። ጠረጴዛዬ ሥር 38 የሽጉጥ መቆለፊያ ሣጥን ተደርድሯል። ምን ላድርግ?

ቡና ቁርስ፦
3 ሰዓት በሐበሻ ነው በፈረንጅ? በፈረንጅ ከሆነ ቀጠሮው ራሱ ያስፈራል 😄

ጤና ተማሪ፦
በሐበሻ። ቀልዱን ተወኝ በናትህ።

የሸገር ልጅ፦
ኢንተርናሽናል ኦፊስ፣ የውጭ ተማሪዎችን ቪዛ የሚከታተለው ቢሮ ደውዪ። አሁኑኑ።

ምንሽር፦
ይቅርታ አድርጊልኝና የመንግሥት ገንዘብ ለዚህ መዋሉ ራሱ አይገባኝም። መሣሪያ ቆልፉ ለማለት ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋል? አያቴ ጎንደር ምንሽሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ስንት ዘመን ኖረ። እቤቱ ውስጥ አንድ ሰው አልሞተም። ችግሩ ሌባው ነው እንጂ ብረቱ አይደለም።

ጋሽ ታዛቢ፦
ልጄ፣ አይዞሽ። ይሄ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ታሪኩን ልንገርሽ። በፈረንጆቹ 1993 እነ ኬለርማን የሚባሉ ተመራማሪዎች ቤት ውስጥ መሣሪያ መኖሩ በዚያ ቤት ሰው የመገደሉ ዕድል ወደ ሦስት እጥፍ ከፍ ከማለቱ ጋር እንደሚያያዝ አሳተሙ። ገንዘቡ የመጣው ከአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ከሲዲሲ ነበር። የመሣሪያ ባለቤቶች ማኅበሩ ተቆጣ። በ1996 የአርካንሳሱ የምክር ቤት አባል ጄይ ዲኪ በጀቱ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስገባ፤ የሲዲሲ የጉዳት መከላከያ ገንዘብ ለመሣሪያ ቁጥጥር ቅስቀሳ እንዳይውል የምትል። ጥናት አትከለክልም ልብ በይ። ግን ኮንግረሱ አብሮ 2.6 ሚሊዮን ዶላር ቀነሰ። ለመሣሪያ ጉዳት ጥናት ወጥቶ የነበረው ልክ ያን ያህል ነበር። መልእክቱ ለሁሉም ገባው። ሲዲሲ ከ20 ዓመት በላይ ደፍሮ አልነካውም ማለት ይቻላል። ዲኪ ራሱ በኋላ ተጸጽቷል። በ2012፣ በ1990ዎቹ የሲዲሲ የጉዳት ማዕከል ኃላፊ ከነበረው ማርክ ሮዘንበርግ ጋር ሆኖ «ጥናቱ ይደረግ» ብሎ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ሁለቱ ድሮ ጠላቶች ነበሩ...

ቡና ቁርስ፦
ጋሼ፣ ልጅቷ ነገ ጠዋት ነው ቀጠሮዋ፣ እርስዎ ገና 2012 ላይ ነዎት።

ጋሽ ታዛቢ፦
እሺ ላሳጥረው። ኮንግረሱ ገንዘብ እንደገና የመደበው በታኅሣሥ 2019 ነው። 25 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሲዲሲ ግማሹ፣ ለመንግሥት የጤና ምርምር ተቋሙ ለኤንአይኤች ግማሹ። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ግን ከሚሞተው ሰው ብዛት አንጻር ዘርፉ ማግኘት ከነበረበት ገንዘብ ያገኘው 1.6 በመቶ ብቻ ነው ብሎ ነበር። ስለዚህ 25 ሚሊዮኑ ለጥም የጠብታ ውሃ ነው። በሚያዝያ 2025 ደግሞ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከ300 በላይ ግራንት በአንዴ ሰረዘ፤ በየሰፈሩ ተኩስ የሚያበርዱ ድርጅቶችም ነበሩበት። ብቻሽን አይደለሽም ለማለት ያህል ነው።

ጤና ተማሪ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። ግን ነገ ልሂድ ወይስ ልቅር?

@ምንሽር፦ ችግሩ ሌባ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በ2023 አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ የሞተው 46,728 ሰው ነው። 27,300ው ራሱን ያጠፋ ነው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። እኛ የምንሠራው ልጃቸው ራሱን የማጥፋት አደጋ ገጥሞት ድንገተኛ ክፍል የገባባቸው ቤተሰቦች ጋር ነው። ሣጥን እንሰጣለን፣ አሥር ደቂቃ እናወራለን፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰን እናያለን። በቃ ይሄው ነው። አያትህ ጋ ግን ጥይቱ የት ነበር?

ምንሽር፦
ጥይቱማ ሴት አያቴ ጋ። ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ነበር የምታስረው። አያቴ ራሱ ለምኖ ነው የሚያገኘው 😂

ቡና ቁርስ፦
እንግዲህ እማማ ያለ ግራንት ጥናቱን ጨርሰውታል።

ጤና ተማሪ፦
እሱን ነው እኮ የምናጠናው! ሣጥኑን ሁሉም ሰው ይቀበላል። ስድስት ወር ቆይተን ስንሄድ ቁልፉ አንገት ላይ ነው ወይስ ራሱ ሣጥኑ ላይ ተሰክቷል? ያንን ስልክ ላይ ማንም አይነግርህም። ሄደህ ነው የምታየው። አንድ ቤት ሣጥኑን የአበባ ማስቀመጫ አድርገውት አግኝቻለሁ።

የሸገር ልጅ፦
ኢንተርናሽናል ኦፊስ ደወልሽ?

ሂሳብ ሹም፦
አሁን ነው ያየሁት። አንድ ዩኒቨርሲቲ ግራንት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፣ በዚህ ዓመት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ስንቱን አንብቤያለሁ። መጀመሪያ ኢሜይሉን ደግመሽ አንብቢው። «ሰስፔንድ» ነው የሚለው «ተርሚኔት»? ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የመጀመሪያው ቆም በሉ ነው፣ ሁለተኛው ተለያየን ነው። ተርሚኔት ከሆነ ታች ላይ ይግባኝ የሚባልበት ቀን ተጽፎ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ 30 ቀን ነው። ይግባኙን የሚያስገባው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ አንቺም አይደለሽ ፕሮፌሰርሽም አይደለችም። ስለዚህ ለገንዘብ ሰጪው በንዴት መልስ እንዳትጽፊ።

የነገውን በተመለከተ፦ የተዘጋው የሂሳብ ቁጥሩ ነው። የሥነ ምግባር ቦርዱ ፈቃድ፣ አይአርቢው፣ ከገንዘቡ ጋር አብሮ አልሞተም። ለተሳታፊዎቹ የገባችሁት ቃል አለ። ራስሽ ወስነሽ ቀጠሮውን አትሰርዢ፣ ራስሽ ወስነሽም አትሂጂ። ብዙ አይአርቢዎች የአስቸኳይ ስልክ አላቸው፤ ድረ ገጻቸው ላይ ፈልጊ፣ ዛሬ ማታ ደውዪ፣ ኢሜይልም ጨምሪበት። እዚያ ቤት ያለው ልጅ ለአደጋ የተጋለጠ ስለሆነ ዝም ብሎ መጥፋት አይቻልም። ቢያንስ ስልክ ደውለሽ ልጁ እንዴት እንደሆነ መጠየቅና 988ን መስጠት ይፈቅዱልሻል ብዬ አስባለሁ፤ ግን እነሱ ይበሉ። 988 ራሱን ለማጥፋት ላሰበና ለተጨነቀ ሰው በመላው አሜሪካ 24 ሰዓት የሚሠራ የስልክ መስመር ነው፣ ከግራንታችሁ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ካርዱ ከደብዳቤው በፊት የተገዛ ነው? ደረሰኙን ያዢ። ከዚህ በኋላ ግን አንድም እንዳትገዢ፣ ከኪስሽ ይወጣል። የሠራሽበትን ሰዓት እስከ ዛሬ 10 ሰዓት ሞልተሽ አስገቢ። የመጨረሻው ሪፖርት ብዙውን ጊዜ 120 ቀን አለው፣ እሱ አያስጨንቅሽ። ዳታውን ወደ ግል ኮምፒውተርሽ እንዳትገለብጪ!! ብዙ ሰው ደንግጦ የሚሠራው ትልቁ ስህተት እሱ ነው።

ቪዛሽ ምንድነው?

ጤና ተማሪ፦
ኤፍ 1፣ የተማሪ ቪዛ። የሦስተኛ ዓመት ፒኤችዲ። ደሞዜም የትምህርት ክፍያዬም ከዚሁ ግራንት ነው። አልጻፍኩትም እንዴ? ኢሜይሉ ተርሚኔት ነው የሚለው። ካርዶቹ ከተገዙ ሁለት ወር ሆኗቸዋል።

ሂሳብ ሹም፦
አልጻፍሽም 😊 ገንዘብ ስለተቋረጠ ብቻ ኤፍ 1 አይጠፋም፣ ሙሉ ሰዓት ተመዝግበሽ እስከተማርሽ ድረስ። ግን አይ 20ሽ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ በሰጠሽ ወረቀት ላይ፣ የገንዘብ ምንጭ ተጽፏል፣ እሱ መስተካከል አለበት። የሸገር ልጅ ልክ ነው እንግዲህ፣ ለዛሬ ማታ አይሁን እንጂ። የረዳትነት ውልሽንም አውጪና እዪው። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ የተፈረመ ከሆነ ዲፓርትመንቱ ከሌላ ሂሳብ የመክፈል ግዴታ ሊኖርበት ይችላል። ዲኑ ጋ መሸጋገሪያ ገንዘብ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሳይጠየቅ የሚሰጥ የለም።

የሸገር ልጅ፦
ብያለሁ እኮ።

ማሂ ዘካሊ፦
ከካሊፎርኒያ ነኝ። ፌደራሉ ሲዘጋ የክልል መንግሥት ገንዘብንም አስቡ። እኛ ጋ በ2016 ስቴቱ ራሱ 5 ሚሊዮን ዶላር መደበ፣ ዴቪስ ያለው ዩኒቨርሲቲም በዚያ ገንዘብ የመሣሪያ ጥቃት ጥናት ማዕከል ከፈተ። ዶክተር ጋረን ዊንተሚዩት የሚባለው ሰውዬ ነው ያቋቋመው፣ ገንዘብ በደረቀበት ዘመን ከኪሱ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ እያወጣ ሲሠራ የነበረ። ኒው ጀርሲም ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ላይ እንዲህ ያለ ማዕከል አላት። ፕሮፌሰርሽ ታውቃቸው ይሆናል። ለነገ ባይሆንም ለሚቀጥለው ዓመት።

ምንሽር፦
እኔ አሁንም በሐሳቡ አልስማማም። ግን ሴትዮዋ ጋ ሂጂ። ቀጠሮ ቀጠሮ ነው።

ጤና ተማሪ፦
አይአርቢ ስልኩን አንሥተዋል!! በስልክ ብቻ ደውዪ፣ ቤት አትሂጂ፣ ጥናት ነክ ጥያቄ አትጠይቂ፣ የልጁን ደኅንነት ብቻ አሉኝ። ካርዱን ነገ ከግራንት ቢሮው ጋር እናወራለን ብለዋል። ፕሮፌሰሬ ሌሊት ትገባለች። ጠዋት እነግራችኋለሁ። ሂሳብ ሹም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼም።

ጋሽ ታዛቢ፦
በርቺ ልጄ። ጸሎት አድርጊ፣ ትንሽም ተኚ።

ቡና ቁርስ፦
ምን ሆነ? እሷ ጠፋች።

የሸገር ልጅ፦
ኢንተርናሽናል ኦፊስ ሄዳ ይሆናላ።

ወርቅነሽ፦ *(ከሦስት ሳምንት በኋላ)*
ሰላም፣ ይሄን ገጽ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ለኛም ትናንት ያው ደብዳቤ መጣ፣ ቃል በቃል። እኛ ጋ 112 ሣጥን አለ። ጤና ተማሪ፣ ካለሽ፣ ሣጥኖቹን ምን አደረጋችኋቸው? ለቤተሰቦቹ መስጠት ይቻላል ወይስ መመለስ አለበት?